ለአንድ ቀን ወደ ቶሮንቶ ደሴት፦ አንድ ጥያቄ፣ 47 መልሶችና የአወያዩ ማስታወሻ

ግንቦት በገባ ቁጥር፣ በቶሮንቶ ደሴት አንድ ቀን እንዴት ይዋላል የሚለው ጥያቄ ወደዚህ መድረክ ይመለሳል። ዘንድሮ ክሩ (ጥያቄው ከነመልሶቹ) እስከ 47 መልስ ስለ ረዘመና በመካከሉም ሁለት መልሶችን ለመሰረዝ ስለ ተገደድሁ፣ ከመዝጋቴ በፊት የተባለውን በየቁጥሩ አሳጥሬ ላስቀምጥ ወደድሁ፤ የሚመጣው ዓመት ጠያቂ ሁሉንም ከሚያገላብጥ ይህን ቢያነብ ይቀለዋል። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥሁም። አወያይ ገለልተኛ መሆን እንዳለበት አውቃለሁ፤ ነገር ግን እኔም ወደ ደሴቱ በሚያሻግረው ጀልባ፣ በፌሪው ላይ ብዙ እሑዶችን ያሳለፍሁ ሰው ስለ ሆንሁ፣ ዝም ማለት ባልቻልሁበት ቦታ ሐሳቤን ጣል አድርጌአለሁ። አስቀድሜ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስለ መጫወቻው፣ ስለ ምግቡና ስለ ዳርቻው ብዙ ተጽፏል፤ የቀኑን መልክ የሚወስነው ግን የት መውረድና ከየት ተሳፍሮ መመለስ ነው፤ ይህንንም በግልጥ የተናገሩት ከሁሉ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ናቸው።

ክሩን የከፈተችው በዳንፎርዝ አካባቢ የምትኖር እኅት ናት። እናቷ ለሦስት ወር ሊጠይቋት ከባሕር ዳር መጥተዋል፤ እርሷ በሳምንት 6 ቀን ስለምትሠራ ለእርሳቸው የምትሰጠው አንድ ሙሉ እሑድ ብቻ ነው። እናቷን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ልጆቿ የ4 እና የ9 ዓመት ናቸው። ሐምሌ ውስጥ ቀኑን በደሴቱ ላይ ለማሳለፍ አስባ፣ በምን እንደሚኬድ፣ የት እንደሚወረድ፣ ልጆቹ ምን እንደሚጫወቱ፣ እናቷ የት አረፍ እንደሚሉና ለአራት ሰው ምን ያህል ገንዘብ እንደሚበቃ ጠየቀች። ጥያቄዋን የጨረሰችው ደሴቱን እርሷም ከከተማው ዳር ቆማ ከማየት በቀር ረግጣው እንደማታውቅ በመናገር ነው፤ እዚህ አገር ከገባች 8 ዓመቷ ነው። ይህ የእርሷ ብቻ ነውር አይደለም፤ ከመለሱት መካከል ቢያንስ አራቱ ተመሳሳይ ነገር አምነዋል።

1ኛው መልስ እንደ ወጉ እናትየውን እንኳን ደኅና መጡ ብሎ ጀመረ፤ ከዚያም መንገዱን በትዕግሥት አስረዳ። ከዳንፎርዝ በ2ኛው የምድር ባቡር መስመር ወደ ብሎር-ያንግ፣ ከዚያ ወደ ዩኒየን፤ ከዩኒየን ደግሞ በ509 ወይም በ510 ስትሪትካር (የጎዳና ባቡር) አንድ ፌርማታ ተጉዞ ኩዊንስ ኪ ላይ መውረድ ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከሌለ በቤይ መንገድ ቁልቁል በእግር መሄድም ይቻላል፤ መንገዱ የሚያልቀው በጃክ ሌይተን የፌሪ ጣቢያ አጠገብ ነው። 2ኛው ስለ ዋጋው ጻፈ፤ የአንድ ዐዋቂ የደርሶ መልስ ክፍያ 9 ዶላር ገደማ መሆኑን፣ ለአረጋውያንና ለልጆች እንደሚቀንስ፣ ትኬቱንም አስቀድሞ በኢንተርኔት የገዛ ሰው ከአንደኛው ሰልፍ እንደሚተርፍ ገለጸ፤ ነገር ግን ስሌቱን ሲሠራ መሄጃና መመለሻውን ለየብቻ ስለ ቆጠረ፣ 3ኛው መልስ ወዲያው አረመው። ትኬት የሚጠየቀው በከተማው በኩል ብቻ ነው፤ ከደሴቱ ሲመለሱ በር ላይ ቆሞ የሚጠይቅ የለም። ይህች እርማት ትንሽ ትመስላለች፤ ኋላ እንደሚታየው ግን በአንዱ ወደብ ሄዶ በሌላው ለመመለስ ነጻነት የምትሰጠው እርሷ ናት።

4ኛው መልስ የሠርግ ድግስ ዝርዝር ይመስል ነበር፦ የሴንተርቪል መጫወቻ፣ የእንስሳቱ እርሻ፣ በቁጥቋጦ አጥር የተሠራው መጥፊያ መንገድ፣ ወደ ሐይቁ የሚዘልቀው የእንጨት ድልድይ፣ በፔዳል የሚነዳ ባለ አራት ጎማ ብስክሌት፣ ዋና፣ የመብራት ማማው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ በመጨረሻም ፀሐይ ስትጠልቅ የከተማውን ሕንፃዎች ፎቶግራፍ ማንሣት። 5ኛው በቁጣ መለሰ፤ ጉልበታቸው ለሚያማቸው እናትና ለ4 ዓመት ሕፃን ይህ የአንድ ሳምንት ሥራ መሆኑን፣ በደሴቱ ላይ የሕዝብ መኪና እንደሌለ፣ ከምሥራቁ ጫፍ እስከ ምዕራቡ መሳፈሪያ 5 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር እንደሚኬድ ሳይነግሩ ዝርዝር መደርደር ሰውን ማሳሳት ነው አለ። ቃሉ ሻካራ ቢሆንም እውነቱን ነው። ደሴቱ በካርታ ላይ አንዲት ቅጠል ትመስላለች፤ በእግር ሲሄዱባት ግን ትረዝማለች።

6ኛው መልስ ከክሩ ሁሉ የተሻለው ነው ብዬ አምናለሁ። ከከተማው ሦስት የተለያዩ ፌሪዎች እንደሚነሡ፣ ብዙ ሰው ግን ረጅሙን ሰልፍ ተከትሎ ሳያስብ ወደ ሴንተር ደሴት እንደሚሳፈር ጻፈ። ሁሉም ከሩብ ሰዓት የማይበልጥ ጉዞ ነው። የሴንተሩ ሰውን ከሴንተርቪል አጠገብ ያወርዳል፤ ልጅ ላለው ሰው መልካም ነው። የዋርድሱ ወደ ምሥራቁ ጫፍ፣ ሰዎች ወደሚኖሩባቸው ትንንሽ ቤቶችና ጸጥ ወዳለው ዳርቻ ይወስዳል። የሃንላንስ ፖይንቱ ምዕራቡን ጫፍ ይይዛል። እንግዲህ ምክሩ ይህ ነበር፦ ጧት ሳይረፍድ በሴንተሩ ፌሪ ሄዶ ልጆቹን ማጫወት፤ ከሰዓት በኋላ በደቡቡ በኩል በተዘረጋው የእንጨት መንገድ ላይ በየወንበሩ እያረፉ ወደ ምሥራቅ ማዝገም፤ ማታ ከዋርድስ መሳፈር። እናትየው መራመድ ካልቻሉ ግን የሴንተሩን መጫወቻ ጨርሶ ትቶ ቀኑን ሙሉ ዋርድስ ላይ ማሳለፍ።

7ኛው ይህን የሚያጸና የራሱን ታሪክ አመጣ። በአንድ ረጅም የዕረፍት እሑድ ማታ መንታ ሕፃናቱን በጋሪ ይዞ ከሴንተሩ መሳፈሪያ ፊት ለፊት አንድ ሰዓት ተኩል ቆመ። በሩ ይከፈታል፣ ሰው ይገፋፋል፣ ፌሪው ሞልቶ ይሄዳል፣ በሩ ይዘጋል፤ እንዲህ ሦስት ጊዜ። ሕፃናቱ ካለቀሱበት ይልቅ የቆጨው፣ ከእርሱ ጋር ተነሥቶ ወደ ዋርድስ በእግሩ የሄደው ወንድሙ ከግማሽ ሰዓት በላይ ተራምዶ ቀድሞት ከተማ መድረሱ ነበር። 8ኛው በአጭሩ፣ ሰልፉን ፈርቶ በውሃ ታክሲ እንደ ተመለሰ፣ አንድ ባለ ጀልባ ግን አስቀድሞ ከነገረው በላይ እንዳስከፈለው ጻፈ፤ ዋጋውን ሳይሳፈሩ መጨረስ ነው።

በ9ኛው መልስ ላይ ክሩ ከመንገዱ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። ጸሐፊው አንድ ምስጢር እንዳገኘ ሰው ሆኖ፣ ወደ ቢሊ ቢሾፕ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያስገባው የእግረኛ ዋሻ በነጻ ስለ ሆነ በእርሱ ተሻግሮ ያለ ምንም ክፍያ ደሴቱን መጎብኘት እንደሚቻል አበሠረ። 10ኛው የማረፊያው ሠራተኛ እንደ ነበረ ጠቅሶ አረመው። ዋሻው እ.ኤ.አ. በ2015 (ከዚህ በታችም ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) መከፈቱ፣ ነጻ መሆኑም እውነት ነው፤ የሚያደርሰው ግን ወደ ተሳፋሪዎች አዳራሽ ብቻ ነው። ማረፊያው በደሴቱ ምዕራብ ጫፍ ላይ ቢሆንም ከፓርኩ በአጥር ተለይቷል፤ ወዲያ ማዶ ዛፎቹ እየታዩ ሰው ቲም ሆርተንስ ቡናውን ጨብጦ ወደ መጣበት ይመለሳል።

ከ11 እስከ 13 ያሉት የጣና ልጆች ናቸው። 11ኛው፣ በባሕር ዳር ላደጉ እናት ሐይቅ ለማሳየት ገንዘብ ማውጣት ለቀባሪ ማርዳት ነው ብሎ ቀለደ። 12ኛው ራሱ የዘጌ ልጅ መሆኑን ገልጾ፣ 37 ደሴቶች ያሉበትን ጣናን፣ ዐባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን ስፍራ፣ ደብረ ማርያምን በታንኳ መሻገርን፣ ዘጌ ለመድረስ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል መጓዝን ሲያነሣ፣ የሩብ ሰዓቱን ፌሪ የሕፃን መጫወቻ አስመሰለው። ጽሑፉ የሚያምር ቢሆንም ለጠያቂዋ የሚረዳ አልነበረም፤ 13ኛዋ ደግሞ በዚያው ሐይቅ ላይ ክብራን ገብርኤል ሴት የማይገባበት ገዳም መሆኑን አስታውሳ፣ እናትየው ምናልባት ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሩቅ ካዩት ደሴት ይልቅ ገብተው የሚራመዱበት ደሴት ይናፍቃቸው ይሆናል ስትል በጨዋ ቃል ወጋችው። ጠያቂዋ እዚህ ላይ ገብታ ነገሩን አበረደችው፤ ደሴቱን ላሳይሽ ብላ ያሰበችው እርሷ ሳትሆን፣ እናቷ ራሳቸው በአውሮፕላን ሲያርፉ ሐይቁን በመስኮት አይተው የእናንተን ጣና መቼ ነው የምታሳዪኝ እያሉ ይጠይቋት ነበር።

14ኛው ታሪክ ወዳድ ሰው ናቸው፤ የጻፉት ስለ ደሴቱ ቢሆንም እያንዳንዱን ዓመት ከእኛ ነገሥታት ጋር ሳያገናኙ አያልፉም። ደሴቱ ጥንት ደሴት አልነበረም፤ ከምሥራቁ መሬት ጋር የተያያዘ ቀጭን የአሸዋ ምላስ ነበር፤ በ1858 ኃይለኛ ማዕበል ምላሱን በጥሶ ለየው፤ ይህም አፄ ቴዎድሮስ በነገሡ በ3ኛው ዓመት መሆኑ ነው። በጊብራልታር ፖይንት የቆመው የድንጋይ መብራት ማማ በ1808፣ በዘመነ መሳፍንት ተሠራ፤ ያኔ በውሃው ዳር ነበር፤ ሐይቁ አሸዋ እያመጣ ስለ ከመረ ዛሬ በዛፎች መካከል ገባ ብሎ ይገኛል። ቤብ ሩዝ በሙያ ተጫዋችነቱ የመጀመሪያውን የቤዝቦል ሆም ረን የመታው በ1914 በሃንላንስ ፖይንት ሜዳ ላይ ነው፤ ልጅ ኢያሱ። ቦታው የተሰየመው በዚያ ከሰፈረው ቤተሰብ ስም ሲሆን፣ ከቤተሰቡ ልጆች ኔድ ሃንላን በ1880 የዓለም የቀዘፋ ሻምፒዮን ሆኖ ሐውልቱ በመሳፈሪያው አጠገብ ቆሟል፤ አፄ ዮሐንስ። 15ኛው ፌሪዎቹስ ብሎ ቢቀልድባቸው ጊዜ አልፈጁም፤ ዊልያም ኢንግሊስ የተባለው ፌሪ ሥራ የጀመረው በ1935 ጣልያን በወረረን ዓመት መሆኑን፣ ከእርሱም የሚበልጠው በእንፋሎት የሚሄደው ትሪሊየም በ1910፣ ምኒልክ በሕይወት ሳሉ መሠራቱን መለሱ። ሳቅሁ፤ ግን ከዚያ ወዲህ እነዚያን ዓመቶች አልረሳኋቸውም።

16ኛው ማማው መንፈስ እንዳለበት፣ ሌሊት ደም እንደሚታይበት የሰማውን ነገረን። 14ኛው ተመልሰው ከ17ኛው ጋር ሆነው የሚታወቀውን ከሚወራው ለዩት፦ የመጀመሪያው የመብራት ጠባቂ ራደልሙለር የተባለ ጀርመናዊ ተወላጅ እንደ ነበረ፣ በጥር 1815 እንደ ተገደለ፣ ሁለት ወታደሮች ተከሰው በነጻ እንደ ተለቀቁ በመዝገብ አለ፤ የቀረው ሌሊት በእሳት ዙሪያ የሚነገር ነው። ለማንኛውም ማማው ከሴንተር መሳፈሪያ ራቅ ይላልና ጉልበት ለሚያመው አይሆንም፤ ለ9 ዓመት ልጅ ግን ከሴንተርቪል መጫወቻዎች ሁሉ ይልቅ ይህ ታሪክ ይበልጥበታል ባይ ነኝ።

ከዚያ ምግብ መጣ፤ የሐበሻ ክር ሆኖ ምግብ ላይ ሳይደርስ የቀረ አላውቅም። 18ኛዋ እናትየው ጿሚ ከሆኑ ቀኑ እንዲመረጥ አሳሰበች፤ የሰኔ ጾም የሚፈታው በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 5፣ ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1 ስለ ሆነ፣ ሥጋ ይዞ ለመሄድ የሚመቹት በመካከሉ ያሉት እሑዶች ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለ ምክር የትኛውም የጉብኝት መጽሐፍ አይሰጥም። 19ኛው ምንም ሳይያዝ እዚያው ቢገዛ ይሻላል ሲል፣ 20ኛው ለአራት ሰው የበርገርና የድንች ዋጋ ቤት ከሚሠራ የሁለት ቀን ወጥ እንደሚበልጥ ቆጥሮ አሳየው። 21ኛዋ ወጥ በላስቲክ ሣህን ይዛ ሄዳ በፌሪው ላይ ክዳኑ ተከፍቶ የማታውቀው ሰው ጫማ ላይ እንደ ፈሰሰባት ከተናዘዘች በኋላ፣ ደረቅ ጥብስ በእንጀራ ጠቅልሎ በፎይል መሸፈንን፣ ዳቦና ቆሎን መከረች። እርሱንም ሣር ላይ ገልጦ መተው አይገባም፤ ዓይኔ እያየ አንዲት የሐይቅ ወፍ ከአንድ ልጅ እጅ ሙሉ ጥቅልል ነጥቃ ስትበር፣ እንጀራው በአየር ላይ እንደ ነጠላ ተዘርግቶ ነበር። 22ኛው ጀበናና የከሰል ምድጃ ተሸክሞ ለመሄድ አሰበ፤ 23ኛዋ የፓርኩን ደንብ ሳያጣሩ እሳት ማቀጣጠል ከቅጣት ላይ እንደሚጥል አስጠንቅቃ፣ ቡናው ቤት ፈልቶ በፔርሙዝ እንዲያዝ፣ ስኒውና ረከቦቱ ግን እንዳይቀር ፈረደች።

ከ24 እስከ 30 ያለው የክሩ ክፉ ክፍል ነው። 24ኛው ባለፈው ዓመት አማቱንና ልጆቹን ይዞ የሃንላንስን ፌሪ ወስዶ፣ ወደ ምዕራቡ አሸዋ ሲወርድ ራቁታቸውን ፀሐይ የሚሞቁ ሰዎች መካከል ገባ፤ አማቱ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ወደ ኋላ ሲመለሱ የሆነውን በብስጭት ገለጸ፤ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይፈቀዳል ብሎም ጮኸ። 25ኛው ደገፈው። 26ኛው ግን የዳርቻው አንድ ክፍል ከ1999 ጀምሮ በከተማው ምክር ቤት በይፋ የተፈቀደ መሆኑን፣ መግቢያው ላይ ምልክት መቆሙን፣ ምልክቱን ያላነበበ ሰው ሌላውን መውቀስ እንደሌለበት በብርቱ ቃል መለሰ። ከዚያ በኋላ የመጡት ስለ ዳርቻው መሆናቸው ቀርቶ ስለ ሰዎች ሆኑ፤ 27ኛውንና 29ኛውን የሰረዝሁት ስድብ ስለ ነበሩ እንጂ ሐሳባቸውን ጠልቼ አይደለም። 28ኛው እኔ ነበርሁ፤ ሁለቱንም ወገኖች ልሳናቸውን እንዲገሩ ለመንሁ። 30ኛዋ አንዲት ታላቅ እኅት ነገሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር ፈታችው፤ ቤተሰብ ይዞ መዋኘት የፈለገ በሴንተር ወይም በዋርድስ ዳርቻ ይውረድ፣ ጉዳዩም አለቀ። ውሃውን ግን ማንም ስለ ቅዝቃዜው አላስጠነቀቀም፤ በሰኔ መጀመሪያ እግር የነከረ ሰው አጥንቱ ድረስ ይሰማዋል፤ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ይሻላል።

31ኛው፣ ብስክሌት ይዞ የሚሄድ ሰው በዋርድስ ወይም በሃንላንስ ፌሪ እንዲሳፈር፣ በተጨናነቀ ቀን የሴንተሩ ፌሪ ብስክሌት እንደማይቀበል አስታውሶ አለፈ።

32ኛው በዋርድስ በኩል ያሉትን ትንንሽ የእንጨት ቤቶች አይቶ አንዱን መግዛት እንደ ተመኘና ለሽያጭ የሚል ምልክት ግን እንዳጣ ጻፈ። 33ኛው የሕዝብ መሬት ላይ የተቀመጡ ዕድለኞች ናቸው፣ ተነሥተው ሁሉም ፓርክ ይሁን አለ። 34ኛዋ ረጅሙንና እጅግ የተጠናቀቀውን መልስ ሰጠች። ቀድሞ በሴንተርና በሃንላንስ በኩል ሆቴሎች፣ ሱቆችና ብዙ ቤቶች ነበሩ፤ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የከተማው አስተዳደር ለፓርክ ብሎ አፈረሳቸው፤ የቀሩት የዋርድስና የጎረቤቱ የአልጎንኩዊን ደሴት ነዋሪዎች ብቻ ነበሩ። ሐምሌ 1980 የማስለቀቂያ ወረቀት ይዞ የመጣውን ሸሪፍ ነዋሪዎቹ በአልጎንኩዊን ድልድይ ላይ ቆመው መለሱት። በ1993 በወጣው የአውራጃው ሕግ መሠረት መሬቱ በ99 ዓመት ሊዝ ተሰጣቸው፤ ነገር ግን ቤቱን በገበያ ዋጋ መሸጥ አይችሉም፤ ለትዳር ጓደኛ ወይም ለልጅ ካልተላለፈ የሚገዛው 500 ሰው ካለበት የተራ መዝገብ ነው። ቤቶቹ ከ260 ጥቂት ቢበልጡ ነው፤ ስለዚህ ተራ መጠበቅ ማለት ምን እንደ ሆነ መገመት ይቻላል። 33ኛው አልተረታም፤ ሊሸጡት የማይችሉት ዕድልም ያው ዕድል ነው ብሎ በ35 ጸና፤ እኔም ክርክሩ ጨርሶ ከንቱ ነው አልልም። ነገር ግን 36ኛው የ99 ዓመቱን ሊዝ ሲሰማ አዲስ አበባ ያለችውን ቦታውን አስታውሶ ስለ ሊዝ አዋጅ አራት አንቀጽ ስለ ጻፈ፣ በ37 ወደ ደሴቱ እንዲመለስ ጠየቅሁት።

38ኛው ከመነሣታችሁ በፊት የፌሪውን ሰሌዳና የሐይቁን ሁኔታ አጣሩ አለ፤ በ2017 የሐይቁ ውሃ ሞልቶ ፓርኩ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ለጎብኚ ተዘግቶ እንደ ነበረ ብዙ ሰው ረስቷል። 39ኛዋ እናትየው በሐምሌ ፀሐይም ቢሆን ነፋሱ በፌሪው ላይ ስለሚበረታ ጋቢ እንዲይዙ መከረች። ከ40 እስከ 43 ያሉት ስለ ሴንተርቪል ናቸው፤ መግቢያው ነጻ መሆኑንና የሚከፈለው ለመጫወቻዎቹ መሆኑን፣ እያንዳንዱን ለየብቻ ከመክፈል የቀን ማለፊያው መቼ እንደሚያዋጣ፣ በ1907 የተሠሩት የሚሽከረከሩ የእንጨት ፈረሶች ለ4 ዓመት ልጅ እንደሚበቁ፣ ከጎኑ ያለው የእንስሳት እርሻም ያለ ክፍያ መሆኑን ተጨቃጨቁበት፤ በመጨረሻ ተስማሙ።

44ኛው የጠያቂዋ ምላሽ ነው፤ ሄዳ ተመልሳ የጻፈችው። በ6ኛው ምክር መሠረት ጧት ሁለት ሰዓት ተኩል ከቤት ወጥተው በሴንተሩ ፌሪ ተሻገሩ። እናቷ ደረጃ ላለመውጣት ታችኛው ወለል ላይ ተቀመጡ። ልጆቹ ፈረሶቹንና ፍየሎቹን ይዘው እስከ ቀትር ቆዩ፤ ጥብሱና ቡናው ከዛፍ ጥላ ሥር ተበላ፣ ተጠጣ። በእንጨቱ መንገድ ላይ ስድስት ጊዜ አርፈው ከአንድ ሰዓት በላይ ወስዶባቸው ዋርድስ ደረሱ። እናቷ ከከተማው ሕንፃዎች ይልቅ የቤቶቹን አጥር ግቢ እየተመለከቱ ነበር፤ አንዷ ግቢ ፊት ሲደርሱ ቆሙ። ቅጠሉን በሁለት ጣት ይዘው ጀርባውን ገልብጠው አዩና ጎመን ነው አሉ። የቤቱ ባለቤት አሮጊት ወጥተው ተጠጉ፤ ጠያቂዋ ልትተረጉም ስትል ሁለቱ ቀድመው ተግባብተው ነበር፤ አንደኛዋ ትል የበላበትን ቅጠል ታሳያለች፣ ሌላዋ ዐመድ መነስነስን በእጇ ታመለክታለች። ከዚያ ከዋርድስ ያለ ሰልፍ ተሳፍረው ተመለሱ። ወጪው ሁሉ ተደምሮ፣ ትኬቱንና መጫወቻውን ጨምሮ፣ ካሰበችው በታች ሆነ። እናቷ ጣና እንደሚበልጥ ተናገሩ፤ ደግሞም መቼ ነው ተመልሰን የምንሄደው ብለው ጠየቁ።

45ኛው ጎመኑን ቆርጠው ሰጧቸው ወይ ብሎ ጠየቀ፤ አልሰጧቸውም፣ የሰጧቸው የቲማቲም ችግኝ ነበር፤ አሁን በዳንፎርዝ ሰገነት ላይ በቆርቆሮ ተተክሏል። 46ኛዋ በክረምት መሄድ ይቻል እንደ ሆነ ጠየቀች፤ በዚያ ወቅት የሚሠራው የዋርድስ ፌሪ ብቻ መሆኑን፣ ሴንተርቪል ዝግ እንደሚሆን፣ በረዶው በጀልባው ጎን ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ግን ለብቻው ጉዞውን የማያስቆጭ እንደሚያደርገው መለስሁላት። በ47 አንድ አዲስ አባል መጥቶ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው ዋሻ በነጻ መግባት እንደሚቻል ሰምቶ እውነት መሆኑን ጠየቀ። 10ኛውን እንዲያነብ ነገርሁት፤ ክሩንም ዘጋሁት።